ጨው ያልገባበት

የሌሊት ተረኛ ነኝ፣ ግዳንስክ ወደብ ዳር፤
ትራሙ ሲያበቃ፣ ከሆስፒታሉ በር
ገብቼ እስኪነጋ ስቆም ስሮጥ አድራለሁ።
ሺሽካ ግን ቤት ናት፤ ብቻዋን ናት፤ አውቃለሁ።

ሺሽካ ማለት በኛ ቋንቋ የጥድ ፍሬ ማለት፤
ቡናማ፣ ሻካራ፣ ቢያቅፏት የምትኮሰኩስ ናት።

ከታች ፎቅ ቫትስዋቭ፣ የመርከብ በያጅ የነበረ ጡረተኛ፣
በሬ ላይ ወረቀት ይለጥፋል፦ «ውሻሽ እኔን አላስተኛ
ብላ ስታላዝን አደረች። ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ።
አራተኛውን ለቤቶች ማኅበር አመለክታለሁ።»

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላል ተረቱ፤
የኔዋ ግን በልታም ታላዝናለች ሌሊቱን በሙሉ።
የሚላስ የሚቀመስ ከቤቴ አልጠፋም፤
በአንድ ትንፋሽ ካለቀ ግን ሌሊት አያሳልፍም።

አንድ ቀይ ላስቲክ ገዛሁ፣ ውስጡ ባዶ፣ ቅርጹ ቀፎ፣
ሲጥሉት ወዲያ ወዲህ የሚነጥር አኩርፎ።
ሻጩ የሚሞላበትን በቱቦ የታሸገ ነገር አሳየኝ፤
ጀርባውን ባነበው ስኳር፣ ጨው፣ የማላውቀው ቀለም፤ አስጠላኝ።
የበሽተኛ ምግብ ስመዝን የኖርኩ ሴት
ለገዛ ውሻዬ ላጉርስ ይሄን መዓት?

ዱባ ቀቀልኩ፤ ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም፣
በሹካ ጀርባ ደፈጠጥኩት እስኪልም።
የበሰለ አጃ ጨመርኩ፤ የዶሮ ጡት ዘርዘር አድርጌ፣
አጥንት እንዳይቀር በጣቴ ሁለት ጊዜ ፈልጌ።
ፖም፣ ፍሬው ወጥቶ፤ ካሮት፣ ጥቂት እርጎ፤
ለጠባቧ ቀዳዳ መድፈኛ የለውዝ ቅቤ፣ እሱም ተፈልጎ፦
ዛይሊቶል የሚባል አለ፣ የማስቲካ ማጣፈጫ፣
ለሰው ጥርስ መልካም ነው፣ ለውሻ ግን መሞቻ።
ሽንኩርት የለም፣ ዘቢብ የለም፤ ቸኮሌት ከቁም ሳጥን አናት፤
በዓይኗ ብትለምነኝም፣ እሱን አልሰማኋት።

ከዚያ በረዶ ቤት፤ በማግስቱ ሲወጣ ድንጋይ።
ኮቴን ስለብስ አስቀመጥኩላት ምንጣፏ ላይ።
ዘወር ብላ አላየችኝም። በሩ ሲዘጋ አልሰማችም።
ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ፣ እስከ ትራሙ አልለየልኝም።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከኮሪደሩ ማሽን
ሳንቲም ከትቼ አወጣሁ ቸኮሌት፣ ራቴን።
ቆሜ ስገምጥ ሳቄ መጣ፤ ዶሮ በዱባ፣ ከእርጎ ጋራ፣
ቤት ያለችው ትልሳለች፤ እኔ ስኳር በወረቀት፣ ከሥራ።

ሳምንት ያህል ጸጥ አለ። በሬ ላይ ምንም የለም።
በስምንተኛው ቀን ተለጥፏል፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም፦
«ወይዘሮ ቦጉሚላ፣ ውሻዋ ታመመች እንዴ?
ማላዘኑ ቀረ፤ ምን አገኛት ይላል ሆዴ።
አንድ ነገር ብቻ ጣሪያዬን ጧ ጧ ሲያደርግ ያመሻል፤
እቆጥረዋለሁ። መቶ አርባ ስደርስ ይቆማል።
ከዚያ ወዲያ ያለው ሰዓት አይገፋም።»
ከታች ስሙን እንኳ አልጻፈም።

በማግስቱ ዱባውን ከሁለት ከፈልኩ። ለሱ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅቤ፤
ለሷ የተለመደው። ሁለት ብልቃጥ፣ መንትያ። እንቅልፌንም ሳልጠግብ ተነስቼ
አንዱን ይዤ ወረድኩ። በሰንሰለቱ ልክ ከፈተ፤ ተቀበለ፤ ዘጋ።
ነገር አላበዛም፤ እኔም አላዛጋሁ፣ ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ፣ አልጋዬ ጋ።

ማታ ላስቲኩን ልሞላ ስከፍት፣ የቀረውን አሸተትኩ፦
ሽንኩርት! ቁንዶ በርበሬ! እዚያው ቆሜ ደረቅኩ።
ሺሽካ ከእግሬ ሥር ሆና ወለል በጭራዋ ትጠርጋለች፤
ድርሻዋ ከታች ፎቅ ተበልቶ፣ ምን ታውቃለች?

ከበሩ ሥር ብልቃጡ ታጥቦ፣ ወረቀት በአፉ፦
«ጨው አንሶታል» ይላል በዚያው በጠማማ ጽሑፉ።
«አጃ ያለበት ሾርባ አይቼ አላውቅም።
ግን ለጨጓራዬ ተስማማ። ነገም ካለ አልጠላም።»

አልነገርኩትም።
አሁን የማክሰኞ ድስቴ ሰፊ ነው፣ ጨው የሌለው፤
አንዱን ድርሻ ላስቲክ፣ አንዱን የቫትስዋቭ ብልቃጥ ነው የሚይዘው።
ሽንኩርት ያለበትን ትንሹን እኔ ይዤው እሄዳለሁ፤
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ወንበር ስቤ፣ ተቀምጬ እበላለሁ።